የታናሿ አይሮፕላን የበረዶ ጫማ

በረዶ የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ነገር ተሸክሟል። በክረምት ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ የባቄላውን አበባ የሚያረግፈው በረዶ ይባላል፤ በብርጭቆ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውም በረዶ ይባላል፤ በሰሜን አገሮች እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ ወርዶ ቤቱንና መንገዱን የሚያለብሰውም ያው በረዶ ነው። ግዕዝ በዚህ ነገር ከአማርኛ ይልቅ ባለጸጋ ነው፤ ጠጠሩን በረድ፣ ውርጩን አስሐትያ፣ ጥጥ የሚመስለውን ሐመዳ እያለ ለያይቶ ይጠራል። የደጋ ሽማግሌዎች አመዳይ የሚሉትም ከዚሁ ከሐመዳ ጋራ የሚዛመድ ይመስለኛል። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ የምጽፈው በሐመዳ ላይ ስለምታርፍ፣ በሬዲዮ ስለምትመራ አንዲት ታናሽ አይሮፕላንና ስለ እግሯ ነው።

አንባቢ «የመካነ ሰላም ሰው በዚህ ምን አገባው?» ቢል አይፈረድበትም። በቦረናና በለጋምቦ ደጋ ውርጭ አለ፤ ጠጠር በረዶም አለ፤ በደቡብ ወሎ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ የአምባ ፈሪት ተራራ ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል፤ ነገር ግን ሰው በመንሸራተቻ የሚሄድበት ሐመዳ በዚያ አይተኛም። ሆኖም ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ በግሪክ ቋንቋ ባስቀረጸውና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በገለበጠው ጽሑፍ ላይ፣ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ተነግሯል። በዘመናችንም ሮቤል ተክለማርያም የሚባለው ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ የበረዶ ላይ ሩጫን ስለ ተማረ፣ በ1998 ዓ.ም. በኢጣልያ ቶሪኖ ከተማ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ተሰልፏል። ፈረንጆች ስኪ የሚሉትን ያንን ረጅም ጠፍጣፋ የእግር እንጨት በክረምት ኦሊምፒክ አደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫማ ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው።

ወደ እኔ ነገር ልመለስ። የእኅቴ ልጅ ከመካነ ሰላም ወጥቶ በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት መኖር ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆነው። የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ አለው። ይህ ልጅ አማርኛ ይሰማል እንጂ አጥርቶ አይናገርም፤ እኔን የእናቱን ትምህርት ተከትሎ «አባባ» ይለኛል። አባቱ ከእኔ ጋራ በስልክ ሲነጋገር ብዙ ጊዜ የሚያነሣው በከተማችን ዳር ስለ ነበረው የአይሮፕላን ሜዳ ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ አይሮፕላን ይመጣል በተባለ ቀን እረኞች ከብቱን ከሣሩ ላይ ይነዱ፣ እኛም ከአጥሩ ኋላ ቆመን ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ የሚነሣውን አቧራ እንቈጥር ነበር። ይህን ለእኅቴ ልጅ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ እርሱም ለልጁ ነግሮታል። እንግዲህ ባለፈው የልደቱ ቀን ለልጁ በሬዲዮ የምትመራ አይሮፕላን ገዝቶ ሰጠው። ስሟንም ፀሐይ አሏት፤ ይኸውም በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሠርታ ለብዙ ዘመን በኢጣልያ ከቈየች በኋላ በ2016 ዓ.ም. ለአገሯ በተመለሰችው አይሮፕላን ስም ነው። በበረዶ አገር ፀሐይ የሚል ስም ማውጣታቸው ደስ አሰኝቶኛል።

የበጋው ወራት በደኅና አለፈ። ፀሐይ በሣር ሜዳ ላይ በሁለት ጎማዋ እየተንደረደረች ትነሣ፣ እየዞረች ትመለስ ነበር። በረዶው በወረደ ጊዜ ግን ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ልጁም ሊያበራት ሲሞክር ጎማዎቹ ገና በመነሣት ላይ ሳለች ሰጠሙና አፍንጫዋ በበረዶው ተተከለ። ምክንያቱን በቍጥር ማየት ይቻላል። አይሮፕላኗ 1400 ግራም ትመዝናለች፤ ሁለቱ ጎማዎች መሬቱን የሚነኩበት ስፍራ ተደምሮ 12 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 117 ግራም ይጫናል። 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የሁለት እግር ጫማ ቢቆም የሚያርፈው ጭነት ያው 117 ግራም ነው። ልጁ በተራመደ ቍጥር እስከ ቅልጥሙ ከሰጠመ፣ አይሮፕላኗም እንደ እርሱ ብትሰጥም የሚያስገርም አይደለም።

አባትዬው አናጺ ባይሆንም እጀ ሥራ የማይፈራ ሰው ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ 28 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ቈረጠ፤ ጫፋቸውን በፈላ ውኃ ነክሮ ወደ ላይ አጎበጠው፤ መካከላቸውን በስቶ በጎማው ፋንታ በሽቦው እግር ላይ ሰካቸው። በበረዶው ላይ የሚተኛው ክፍል 24 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሁለቱ ስፋት 288 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጭነቱም በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ5 ግራም በታች ወረደ። ይህ መልካም አሳብ ነበር። በእርግጥም ፀሐይ በበረዶው ላይ ሳትሰጥም ተንሸራታ ተነሣች። ሁለት ጊዜ ዞረች። በሦስተኛው ዙር ልጁ ፍጥነት ጨምሮ ወደ እነርሱ ሲያመጣት በድንገት አፍንጫዋን ደፍታ ወርዳ ተሰበረች።

በዚያው ማታ የእኅቴ ልጅ ደውሎ ነገረኝ። «ጋሼ፣ ልጁ ችኵል ነው» አለኝ፤ «ቀስ በል ብዬው ነበር። የመምሪያውን ዘንግ ገፋው መሰለኝ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ አፍታ አጠፋው።» ድምፁ የቍጣ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሚስቱ ደወለች። ልጁ አይሮፕላኗን ከአልጋው ሥር ወሽቆ ስሟን አላነሣም፤ ከአባቱም ጋራ በገበታ ተቀምጦ አይነጋገርም አለችኝ።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዳኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን የሰውን ቃል ስጽፍ ብዙ ዘመን ስለ ቈየሁ፣ የተከሳሹ ቃል ያልገባበት መዝገብ ሳይ ብዕሬ አይታዘዘኝም። እንግዲህ ልጁን አቅርቡልኝ አልኋት። ስልኩን ያዘና ዝም አለ። «ልጄ፣ ምን እንዳደረግህ ሳይሆን እርሷ ምን እንዳደረገች ንገረኝ» አልሁት። ጥቂት ቈይቶ፣ «አባባ፣ እኔ ወደ ላይ ነው ያልኳት። እርሷ ወደ ታች ሄደች» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይህ ቃል ከአባቱ ቃል ጋራ አይስማማም። ደግነቱ ምስክር ነበር፤ እናቲቱ በስልኳ በረራውን ሁሉ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ይዛው ነበርና ላከችልኝ። መጀመሪያ ሳየው ምንም አልተገለጠልኝም። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሥዕሉን እያቆምሁ እየቀጠልሁ ስመለከት፣ አይሮፕላኗ ፍጥነት ስትጨምር የቀኙ መንሸራተቻ ጫፍ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ እንደ ደከመው ውሻ ምላስ ሲንጠለጠል አየሁ። ጥቂት ዘግይቶ የግራውም ተከተለው። አፍንጫዋ የተደፋው ከዚያ በኋላ ነው። በኋላዋ ያለው የጭራ ክንፍ ደግሞ ወደ ላይ ታጥፎ ይታያል፤ ይህም ልጁ አፍንጫዋን ለማቅናት ዘንጉን እንደ ሳበ የሚያስረዳ ነው። ልጁ እውነት ተናግሯል።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ፤ የጽሑፌ ዋና ጕዳይ ይህ ነውና። በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንግሊዝኛ ስለ ትልልቆቹ የበረዶ አይሮፕላኖች የተጻፈውን ለማንበብ በቅቶኛል፤ ሕጉም ለትልቁና ለትንሹ አንድ ነው። መንሸራተቻው በእግሩ ብረት ላይ እንደ ሚዛን ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲዋልል ተደርጎ ይሰካል፤ ምክንያቱም በማረፍ ጊዜ ከመሬቱ ጋራ መስተካከል አለበት። በአየር ላይ ሳለ ግን የሚያስተካክለው መሬት የለም። የፊተኛው ወገን ከኋለኛው ጥቂት ስለሚረዝም በክብደቱ ያዘነብላል፤ ጫፉ ጥቂት እንደ ተዘቀዘቀ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ጀርባውን ያገኘዋል፤ ነፋስ ደግሞ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይበልጡን የሚበረታው ወደ ፊተኛው ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ ይገለብጠዋል። የተገለበጠው መንሸራተቻ እንግዲህ ወደ ታች የሚጐትት ክንፍ ሆነ ማለት ነው። ከአይሮፕላኗ ሆድ በታች ሆኖ ወደ ኋላም ስለሚይዛት አፍንጫዋን ወደ መሬት ያዞራል። በዝግታ ሳለች የጭራዋ ክንፍ ይህን ሊቋቋም ይችል ይሆናል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን የነፋሱ ኀይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሦስተኛው ዙር የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ የበረዶ እግር የሚሠራ ሰው ብዙ የሚጨነቀው ስለ ማረፉ ቢሆንም፣ አይሮፕላን የሚያጠፋው በአየር ላይ የሚፈታው ጫፍ ነው። መድኀኒቱም ሦስት ክር ነው። አንዱ ላስቲክ ነው፤ ከመንሸራተቻው ጫፍ ተነሥቶ በአይሮፕላኗ ሆድ ፊት ለፊት ይታሰርና ጫፉን ዘወትር ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለተኛው ከላስቲኩ ጎን የሚሄድ የማይለጠጥ ገመድ ነው፤ ላስቲኩ ቢበጠስ እንኳ ጫፉ ከተወሰነለት በታች እንዳይወርድ ይይዘዋል። ሦስተኛው በኋላ ይታሰራል፤ ላስቲኩ ጫፉን ከመጠን በላይ ወደ ሰማይ እንዳያነሣው ይከለክላል። በአየር ላይ ሳለች ላስቲኩና የኋላው ገመድ እየተሳሳቡ መንሸራተቻውን ከአይሮፕላኗ አካል ጋራ ትይዩ፣ ወይም ጫፉን ሁለት ሦስት ዲግሪ ብቻ ቀና አድርገው ያቆሙታል።

የፊተኛው ገመድ ግን ጨርሶ መወጠር የለበትም። እንደ ፀሐይ ያለች በጭራዋ የምትቀመጥ አይሮፕላን መሬት ላይ ስትሆን አፍንጫዋ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ነው፤ መንሸራተቻው በበረዶው ላይ ለመተኛት ከአካሏ አንጻር ጫፉን ወደ ታች ዝቅ ማድረግ አለበት። ለእርሷ 12 ዲግሪ ያህል መፍቀድ ነበረበት፤ ከዚያ በላይ ግን አንዳች አይፈቀድም።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ ሥዕሉን በእርሳስ ስዬ፣ ቀኙ መንሸራተቻ የተዘቀዘቀበትንም ቅጽበት ለይቼ ለእኅቴ ልጅ ላክሁለት። የፍርድ ቃል አልጻፍሁም፤ ማስረጃውን ብቻ። ሦስት ቀን መልስ አልሰጠኝም። በአራተኛው ቀን ሲደውል፣ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ክር እንኳ አላሰርሁም» አለኝ። «ይህን ለእኔ መናገር አያስፈልግህም» አልሁት። «ነግሬዋለሁ» አለ። እንዴት ብለህ ነገርኸው ብለው፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል ልጁ እንዲገባው አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ እንደ ተናገረው አጫወተኝ። ልጁም በመጀመሪያ የጠየቀው «ታዲያ መቼ እንሠራታለን?» ብሎ ነበር። በእኛ ዘመን አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደ ነበር አላውቅም።

ሁለተኛው ሥራ በሁለቱ እጅ ተሠራ፤ እኔም በስልክ ሦስተኛ ነበርሁ። አስቀድሞ የጫፉ ጉብጠት ነገር መታረም ነበረበት፤ በፈላ ውኃ የጎበጠው እንጨት ሲደርቅ ወደ ቀድሞ ነገሩ እየተመለሰ ነበርና። የአገራችን እረኛ ዘንጉን ሲያቀና በእሳት እያሞቀ በጕልበቱ ይጫነዋል፤ እስኪበርድም አይለቀውም። እኔም ይህን ነግሬያቸው ነበር፤ ነገር ግን በቀጭን ኮምፔንሳቶ ሙጫው ይለቃል ብለው ተከራከሩኝ፤ እውነታቸውን ነው። የተሻለ መንገድ ያገኘው ልጁ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትሩን አንድ ወጥ እንጨት ትተው፣ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ስስ ኮምፔንሳቶዎችን ሙጫ ቀብተው አነባበሩ፤ ጫፉ በሚፈለገው ልክ ተጠርቦ በተዘጋጀ ጕማጅ እንጨት ላይ አስተኝተው አንድ ሌሊት በማጥበቂያ ብረት አሰሩት። ሙጫው ሲደርቅ ሦስቱ አንድ ሆነው ጉብጠታቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ማንኛቸውም ብቻውን ሊቃና ቢፈልግ ሌሎቹ አይለቁትም።

የመስኪያው ቀዳዳ ከፊት 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ከኋላ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ስፍራ ላይ ተበሳ። የፊቱ መርዘሙ በማረፍ ጊዜ ጫፉ በረዶውን እንዳይወጋ ይረዳል። በእያንዳንዱ ሆድ ሥር በርዝመቱ አንድ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥቅ ተለጠፈ፤ ይህ ባይኖር አይሮፕላኗ በጎን ነፋስ ወደ ጎን ትንሸራተት ነበር። ይህን ሲነግረኝ የማረሻችን ድግር ትዝ አለኝና ለልጁ ድግር ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ማረሻውን ግራና ቀኝ ይዘው አፈሩን እየከፈቱ የሚሄዱ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች እንደ ሆኑ። «ገበሬው ስኪ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አለው ብዬ ተገላገልሁ።

ከዚያ ሰም መጣ። መንሸራተቻ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተው፣ ሲፋተግ በሥሩ እጅግ ቀጭን የሆነ የውኃ ሽፋን ስለሚፈጠር ነው። እርጥብ በረዶ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ እጅግ የቀዘቀዘ በረዶ ደግሞ እንደ አሸዋ ያንገራግራል። እንጨቱ ውኃ እንዳይጠጣና እንዳይጣበቅ ሰም ይቀባል። ልጁ ከእናቱ ዕቃ ቤት ለጸሎት የተቀመጠ ጧፍ አግኝቶ ሊወስድ ሲል ያዘችው፤ «ለአይሮፕላን ጧፍ አይሰጥም፣ ከሱቅ ሻማ ግዙ» አለች። በገዛ ሥራዋ የነጣው የሱቅ ሻማ ከንብ ሰም ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚሻል መሆኑን እኔ ስነግራት ደስ አላት።

ቀሪው ነገር ቀላል ነበር። በነጭ ሜዳ ላይ ነጭ ክንፍ አይታይምና ክንፉን ከሥር ብርቱካናማ ቀቡት። ባትሪው በብርድ ስለሚደክም እስከ በረራው ሰዓት በአባትዬው ኪስ ውስጥ ይሞቃል።

የበረራው ስፍራ የረጋ ሐይቅ ነበር። በሚኔሶታ የበረዶ ወራት ሐይቁ ደርቆ እንደ አደባባይ ይሆናል፤ ሰው በእግሩ ለመሄድ የውኃው ልባስ ቢያንስ አራት ኢንች፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው እንደሚገባ የግዛቱ ሹማምንት ያስጠነቅቃሉ። አባትዬው በመሰርሰሪያ በስቶ ለክቶ ነው ያስገባቸው። ከቤት ሙቀት እንደ ወጣች ግን ፀሐይን በበረዶው ላይ አቁመው ወሬ ጀመሩ። ሞተሩን ሲያስነሱ ንቅንቅ አላለችም። የሞቀው መንሸራተቻ ሥሩን በረዶ አቅልጦ፣ ውኃው መልሶ ረግቶ ጠፍሯታል።

ሲነግሩኝ ሣቅሁ፤ ይህ የደረሰው በእነርሱ ብቻ አይደለምና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በዳኮታዎች ሥራውን እንደ ጀመረ፣ እነዚህም ሁለት ሞተር ያላቸው አይሮፕላኖች ለብዙ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ የሣር ሜዳ ያርፉ እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። የእነዚሁ ዘር የሆነች፣ ኬ ሴራ ሴራ የተባለች የአሜሪካ ባሕር ኀይል አይሮፕላን፣ ከጎማዋ ጋራ መንሸራተቻ ተገጥሞላት በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. በደቡብ ዋልታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈች። አብራሪው ኮንራድ ሺን፣ አለቃው አድሚራል ጆርጅ ዱፌክ ነበሩ። ሞተሮቹን ሳያጠፉ 49 ደቂቃ ቈይተው ሊነሡ ሲሉ መንሸራተቻዎቹ ከበረዶው ጋራ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ። በጎኗ የተሰኩትን 15 የመግፊያ ሮኬቶች ሁሉ ተኵሰው ነው የተነሡት። ለፀሐይ ግን ሮኬት አላስፈለጋትም፤ ልጁ በጣቱ ክንፏን ቀስ ብሎ ነቅንቆ አላቀቃት። ከዚያ ወዲህ ከመብረሯ በፊት በውጭ አቀዝቅዘዋት፣ ሲያቆሟትም በሁለት ዘንግ ላይ ያስቀምጧታል።

አባትዬው መምሪያውን ለልጁ ሰጥቶ እጁን በኪሱ ከተተ። በተላከልኝ ሥዕል ላይ ፀሐይ ተንሸራታ ስትነሣ፣ በዝግታ ስትዞር፣ ሦስተኛው ዙር ሲደርስም ፍጥነት ስትጨምር ይታያል። እኔ ዓይኔን ከመንሸራተቻዎቹ ላይ አላነሣሁም። ጫፋቸው ቀና እንዳለ ቀረ። ስታርፍ በበረዶው ላይ ሦስት መስመር ጻፈች፤ ሁለቱ የመንሸራተቻዎቹ፣ አንዱ የጭራዋ። ከሥዕሉ ኋላ የአባትዬው ድምፅ «ጎሽ! ጎሽ!» ሲል ይሰማል።

በማግስቱ ልጁ ራሱ ደወለና፣ በመካነ ሰላም በረዶ ከሌለ ፀሐይ በመንሸራተቻዋ ልታርፍ ትችል እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በእርጥብ ሣር ላይ እንደሚቻል ነገርሁት፤ የክረምት ሣር ያንሸራትታልና። ነገር ግን አገራችን ከባሕር ወለል 2600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከሚኔሶታው ይልቅ ከመቶ ዐሥራ አራት እጅ ያህል ፈጥና ማረፍ ይኖርባታል፤ ሜዳውም እንዲሁ መርዘም አለበት። ይህን ሁሉ ጻፈ። ከዚያም ከብቶቹን ከሣሩ ላይ ማን እንደሚነዳ ጠየቀኝ። ለሐምሌ እኔ እነዳቸዋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ።